የበሩ ነጭ ቀለም ሲበልዝ

አምና ጥቅምት ላይ ለገጣፎ አንድ ቤት ተጠራሁ። የቤቱ እመቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝ። "እየው ልጄ፣ የተነጠረ ቅቤ አልመሰለም? ርካሽ ቀለም ቀብተውብኝ ነው የሄዱት" አሉኝ። በሮቹ ነጭ የዘይት ቀለም ከተቀቡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። 3 ጊዜ በኦሞ አሳጥበዋቸዋል። ወይ ፍንክች! ለአዲስ ቀለም የሚሆን ብርም አዘጋጅተው ነበር፤ ያውም ያንኑ ዓይነት ቀለም ሊገዙበት።

አንዱ በር ላይ የዘመን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አነሳሁት። ከሥሩ ያለው ቀለም ከዙሪያው ይበልጥ ቢጫ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል አራት ማዕዘን ሆኖ ጉልህ ይታያል። እሳቸው ገረማቸው። እኔ ግን መልሱን አገኘሁ።

ዛሬ ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህን ነው። ቀለም ቀቢ ነኝ። ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ፣ ከየካ አባዶ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች 16 ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ብሩን ሲያባክን የማየው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የበለዘው ቀለም ለምን እንደበለዘ ሳያጣራ በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ያስቀባል። ጥቂት ወር ቆይቶ እድፉ ተመልሶ ብቅ ይላል። ያኔ ቀለሙም ቀቢውም ይሰደባሉ። እድፉ ግን ከየት እንደመጣ ቦታውና ቅርጹ ይናገራል። ማየት ብቻ ነው።

የተሸፈነ ቦታ ፈልጉ

በሩ ላይ የተሰቀለ ነገር ካለ አንሱት። ከሌለ የእጀታውን ሳህን በካቻቪቴ ፍቱና ከሥሩ እዩ። ቁም ሳጥን ከሆነ ከፍታችሁ ውስጡን ከውጩ ጋር አስተያዩ።

የተሸፈነው ቦታ ነጭ ሆኖ ውጩ ብቻ ከበለዘ፣ እድፉ ከውጭ ነው የመጣው። ጭስ፣ ቅባት ወይም የእጅ ወዝ ነው ማለት ነው። ይታጠባል። የተሸፈነው ቦታ ከውጩ ይልቅ ቢጫ ከሆነ ደግሞ የተለወጠው ራሱ ቀለሙ ነው። ይህን ሙሉ ቀን ብታሹት አይለቅም። ሦስተኛው ዓይነት ነጠብጣብ፣ ክብ ወይም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ የወረደ ቡናማ እድፍ ነው። እሱ የሚመጣው ከሥር፣ ከእንጨቱ ነው።

ይህን ሳታደርጉ ቀለም ቤት አትሂዱ። ቀለም ቤት ያለው ሰው በራችሁን አላየውም። የሚሸጥላችሁ የጠየቃችሁትን ነው።

ነጭ የዘይት ቀለም ጨለማ አይወድም

ወደ እናታችን በር ልመለስ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ውሃ ተንኖ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያለው ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ይህ ለውጥ አይቆምም፤ በዝግታ ይቀጥላል፣ ቢጫ ነገርም ይፈጥራል። ብርሃን ያንን ቢጫ ይሰብረዋል። ጨለማ ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ስለዚህ በመስኮት በኩል ያለው በር ነጭ እንደሆነ ይቆያል፣ የኮሪደሩ በር ይበልዛል፣ የቁም ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ቀለሙ በተልባ ዘይት የተሠራ ከሆነ ቶሎ ቢጫ ይሆናል፤ በአኩሪ አተር ዘይት የተሠራው የተሻለ ይቆያል። ነጭ የዘይት ቀለም ሁሉ ግን ይነስም ይብዛ ይለወጣል። የእናታችን ቀለም ርካሽ ስለሆነ ብቻ አልነበረም የበለዘው።

የሚያባብሰው ሌላ ነገር አሞኒያ ነው። አንዳንድ የመስታወትና የወለል ማጽጃዎች ውስጥ አለ። በውሃ ከሚቀጥኑ የግድግዳ ቀለሞችም አንዳንዶቹ ሲደርቁ አሞኒያ ይለቃሉ። በሩን ነጭ በዘይት ቀለም ቀብታችሁ ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳውን በፕላስቲክ ቀለም ቀብታችሁ መስኮቱን ከዘጋችሁት፣ በሩ በቀናት ውስጥ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ቱሉ ዲምቱ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ በእኔው ሥራ ደርሷል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳውን አስቀድማለሁ፤ ደርቆ፣ ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ነው ወደ እንጨቱ የምሄደው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል ፈተና አለ። አንድ መሳቢያ አውጡ። ግማሹን በካርቶን ሸፍናችሁ እሰሩት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፤ ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃል። ማታ ማታ አስገቡት። ካርቶኑን ስታነሱ ያልተሸፈነው ግማሽ ነጣ ካለ ምክንያቱ ጨለማው ነው። እናታችን ይህን ሲያዩ ለልጃቸው ደውለው "ቀለሙ ፀሐይ ሲሞቅ ይነጣል!" እያሉ ሲነግሩት ሰማሁ። መልሶ ጨለማ ውስጥ ሲገባ ግን ቢጫነቱ ይመለሳል። ፀሐዩ ለማወቂያ እንጂ ለመድኃኒት አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት መንገድ አለ። ዘይት ቀለሙን የምትወዱት ከሆነ ነጩን ተዉትና ክሬም ምረጡ። ቢበልዝም አያስታውቅበትም። ነጭ ካልሆነ አይሆንም ካላችሁ ግን አክሪሊክ ወደሚባለው፣ በውሃ ወደሚቀጥነው የእንጨት ቀለም ተሻገሩ። እሱ በጨለማ ቢጫ አይሆንም። የግድግዳው ፕላስቲክ ቀለም ግን በር ላይ አይሆንም፤ እጅ ሲበዛበት ይቆሽሻል፣ ሲታጠብም ይለቃል። "ለእንጨት" የሚለውን ጠይቁ።

መሻገሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም ዝም ብሎ ከተቀባ በጥፍር ይላጣል። መጀመሪያ በሩን በሳሙና እጠቡት፣ አለቅልቁት፣ ይድረቅ። ከዚያ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ፈግፍጉት። እንጨቱ እስኪታይ አይደለም፤ ፊቱ የጠመኔ ሰሌዳ እስኪመስል ብቻ ነው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ቀጥሎ ዘይት ቀለም ላይ የሚይዝ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ማያያዣ፣ አንድ እጅ፣ በመጨረሻ አክሪሊኩ ሁለት እጅ።

የድሮው ቀለም የዘይት ይሁን የውሃ ካላወቃችሁ፣ ጥጥ አልኮል ንከሩና አንድ ደቂቃ እሹት። ከፋርማሲ የሚገዛው ይሠራል፤ ጠንከር ያለው ይሻላል። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ነው። ካልወጣ የዘይት ነው።

ሰዓቱንም አስቡ። ሰፈራችን ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የውሃ ቀለም እንዲህ ባለ ብርድ በደንብ አይያያዝም። እኔ በእነዚህ ወራት የመጨረሻውን እጅ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት እጨርሳለሁ።

ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል መቃን

ሌላው ችግር የአዳዲስ ቤቶች ነው። ሰንዳፋ መንገድ ላይ አዲስ የገቡ ባልና ሚስት የበር መቃናቸውን በባሕር ዛፍ አሠርተው ነበር። እንጨቱ ከመሰንጠቂያ ቤት እንደመጣ፣ ገና እርጥብ ሳለ ተገጥሟል። ነጭ የውሃ ቀለም ቀቡት። በሁለተኛው ቀን ከላይ ወደ ታች ቡናማ መስመር ወረደበት፤ ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። ደገሙት። መስመሩ ተመለሰ። ሠለሱት። ያው ነው። እኔ ስደርስ አራተኛውን እጅ ሊቀቡ ብሩሹን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈውታል። ሚስትየዋ "ቀለሙ ነው እንጨቱ የሚደማው?" ብላ ጠየቀችኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሚደማው እንጨቱ ነው።

ባሕር ዛፍም ጽድም በውስጣቸው ውሃ የሚያሟሟው ቡናማ ማቅለሚያ አላቸው። ታኒን ይባላል፤ ሻይን የሚያጠቁረውም እሱው ነው። የውሃ ቀለም ስትቀቡበት ውሃው ታኒኑን አሟሙቶ ወደ ላይ ይስበዋል። ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው ይተናል፣ ታኒኑ ፊቱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የውሃ ቀለም በደጋገማችሁ ቁጥር ውሃ እየጨመራችሁለት ነው። በመካከሉ ውሃ የማያሳልፍ ነገር መግባት አለበት።

ያ ነገር ጎማላካ ነው። አናጺዎች ወንበርና ቁም ሳጥን ለማብረቅ በአልኮል አሟሙተው የሚቀቡት፣ የማር ቀለም ያለው ስስ ፍንካች። 1 ሊትር ጠንካራ አልኮል ውስጥ ከ200 እስከ 250 ግራም ጨምሩ። ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ አሳድሩት። በየመሃሉ ነቅነቅ አድርጉት። ጠዋት ስታዩት ከላይ ጥርት ያለ ቡናማ ፈሳሽ፣ ከታች ደፍራሳ አተላ ይኖራል። አተላው ሰም ነው። የውሃ ቀለም በሰም ላይ አይይዝም። ስለዚህ ጠላ እንደምታጠሉት ጥርት ያለውን ቀስ አድርጋችሁ ቅዱ፣ አተላውን ተዉት። ይህን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ አናጺ ነው። ከዚያ በፊት ለምን አንዳንዱ እንደሚላጥብኝ አላውቅም ነበር።

እንጨቱ መጀመሪያ ይድረቅ። እርጥብ ከሆነ ምንም አታድርጉ፤ አንድ በጋ ይክረም። ከደረቀ በኋላ እድፉ ያለበትን ፈግፍጋችሁ ጎማላካውን በለስላሳ ብሩሽ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በ1 ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ሁለተኛውን እጅ ድገሙ። ቶሎ ስለሚደርቅ አንድ ቦታ ላይ አትመላለሱ፤ አንዴ አሳልፋችሁ እለፉ። መስኮቱ ክፍት ይሁን። ከሰሉም ምድጃውም ይጥፋ፤ የአልኮሉ ትነት ከሩቅ እሳት ይስባል። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ቀለም ቀቡ። የሰንዳፋው መቃን እስከ ዛሬ ነጭ ነው።

ጎማላካው ለሌሎችም እድፎች ይሠራል። በእንጨቱ ጉጥ ላይ የሚወጣውን ቢጫ ክብ ሙጫ አስቀድማችሁ ፍቁ፣ በትነር ጥረጉ፣ ከዚያ ከጉጡ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አልፋችሁ ሁለት እጅ ቀቡት። ፀሐይ የሚመታው በር ከሆነ ሙጫው እየሞቀ ዳግም ሊወጣ እንደሚችል እወቁት። ማሆጋኒ ቀለም የተቀባ የድሮ በር ወደ ነጭ ሲለወጥ ሮዝ ሆኖ የሚወጣውንም፣ ልጆች በማርከርና በእስክሪብቶ የጻፉትንም ያግደዋል።

ጭስ፣ ሻጋታ፣ ዝገት

የጭስና የቅባት እድፍ ቀላሉ ነው። መብራት ሲጠፋ ከሰል የሚነድበት፣ ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት በሩ ከላይኛው ጠርዙ ጀምሮ ይጠቁራል። ለብ ባለ ውሃ ላርጎ ጨምሩና ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከጀመራችሁ ቆሻሻው ደረቁ ላይ እየወረደ መስመር ይተዋል። ስታለቀልቁ ደግሞ ከላይ ወደ ታች። እጀታው አካባቢ የፀጉር ቅባትና ቅቤ የነካው ካለ በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛው ጥረጉት። ከዚያ ውሃ እርጩበት። ውሃው እንደ ጤዛ ከተንከባለለ ቅባቱ ገና አለ፤ ድገሙት። ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ሳይደርቅ ሲያጣብቅ ይከርማል።

ጥቋቁር ነጠብጣብ ከሆነ፣ በተለይ በክረምት ከመታጠቢያ ቤቱ በኩል፣ ሻጋታ ሊሆን ይችላል። አንድ ጠብታ በረኪና ጣሉበት። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከነጣ ሻጋታ ነው፤ ካልነጣ ቆሻሻ ነው። ሻጋታ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና ለሦስት እጅ ውሃ ቀላቅሉ፣ ጓንት አድርጉ፣ 15 ደቂቃ አቆዩት፣ አለቅልቁት። እባካችሁ በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድም ሆነ አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር አታገናኙ። መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሰው ይጎዳል። እርጥበቱ የሚመጣበትን ካልዘጋችሁ ደግሞ ሻጋታው በሚቀጥለው ሐምሌ ይመለሳል።

አዲስ በተቀባ የመታጠቢያ ቤት በር ላይ የሚያጣብቅ ቡናማ ጠብታ ካያችሁ አትደንግጡ። ቀለሙ ሳይጠነክር እንፋሎት ስላገኘው ውስጡ ያለው ሳሙና መሰል ነገር ወጥቶ ነው። በውሃ ይታጠባል፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ከዚያ ይተዋል።

ምስማር ባለበት ብርቱካናማ ነጥብ ዝገት ነው። ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ከሆነ ብረቱና የእንጨቱ ታኒን ተገናኝተዋል። ሁለቱንም ምስማሩን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ፀረ ዝገት ቀብታችሁ፣ በስቱኮ ድፈኑ። ዳሩ የጠቆረ ሰፊ ቡናማ ክብ ከሆነ ከጣሪያ ወይም ከቧንቧ የሚያፈስ ውሃ አለ። መጀመሪያ የቧንቧ ሠራተኛውን ጥሩ።

ከመፈግፈጋችሁ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ምናለሽ ተራ የተገዛ አሮጌ በር ከሆነ ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። በአገራችን ቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ) እንዳይበልጥ የሚወስነው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን በደረቁ አትፈግፍጉ። ውሃ እየነከራችሁ ፈግፍጉ፣ ማስክ አድርጉ፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡርን አርቁ። አቧራውንም በመጥረጊያ አትጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡት። የእርሳስ አቧራ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። እኔም ልጆች አሉኝ፤ በሥራ ልብሴ ቤቴ አልገባም።

የተቃጠለ ዘይት

አንድ ያቃተኝን ልንገራችሁ። ቡራዩ አንድ ቤት የበር መቃኖቹ ከወለሉ ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ይጠቁራሉ። ነጭ ሲቀባ በወሩ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ። አሸተትኩት። የመኪና ዘይት ይሸታል። ቤቱ ሲሠራ ለምስጥ ብለው የተቃጠለ ዘይት ቀብተውታል። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል፤ በበጋ ሲሞቅ ይወጣል። ፋቅሁት፣ በትነር ደጋግሜ ጠረግሁት፣ ጎማላካ ሁለት እጅ ቀባሁት። 4 ወር ቆይቶ ተመለሰ። የሥራዬን ብር መለስሁላቸው። በመጨረሻ አናጺ የታችኛውን 40 ሴንቲ ሜትር ቆርጦ በአዲስ እንጨት ተካው።

አሁን ቤት እየሠራችሁ ከሆነ ከወለሉ በላይ የሚታየውን እንጨት የተቃጠለ ዘይት አታስነኩት። ምስጥ ካሰጋችሁ የምስጥ መድኃኒት ከሚሸጡት ዘንድ ሄዳችሁ "ከላዩ ቀለም ይይዛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይይዛል የተባላችሁትንም ትርፍ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክሩት።

የለገጣፎዋ እናት አክሪሊኩን መረጡ። የኮሪደሩን በሮች ብቻ ሠራን። የቁም ሳጥኑን ውስጥ "ማን ያየዋል፣ ብሩን አትጨርሰው" ብለው አስተዉኝ፤ ልክ ነበሩ። ለቡሄ ሙልሙል ብላ ብለው ሲጠሩኝ ገና ከመግባቴ ወደ ኮሪደሩ ወሰዱኝና የዘመን መቁጠሪያውን ራሳቸው አነሱት። ከሥሩም ከዙሪያውም አንድ ዓይነት ነጭ ነው።